የጥርስ ሠሪው ሞያና የሞያሌ ወሰን

ሞያ በልብ ነው ይባላል። የመንግሥት ሹም ግን የሰውን ልብ ገልጦ ለማየት ስለማይቻለው የምስክር ወረቀት መጠየቁ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚነሣው ወረቀቱ በሌላ መንግሥት ማኅተም የታተመ ሲሆን፥ ወይም በስደት መንገድ የጠፋ ሲሆን ነው።

ለዚህ ጉዳይ ሞያሌ ጥሩ ምሳሌ ናት። በስም አንዲት ስትሆን እኩሌታዋ በኢትዮጵያ፥ እኩሌታዋም በኬንያ ሕግ ትተዳደራለች። ነጋዴው ዕቃውን በአንድ ስፍራ አስመርምሮ እንዲያልፍ፥ ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2020 የጋራ የወሰን ጣቢያ ከፍተዋል። በዚሁ አካባቢ፥ በኬንያ በኩል በምትገኘው በዋልዳ፥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች መጠለያ ሰፈር ተሠርቶ ነበር። ስደተኛ ንብረቱን ጥሎ ቢሻገርም ሞያውን ጥሎ አይሻገርም፤ ነገር ግን ሞያው የሚመዝነው ካላገኘ እንዳልተሻገረ ይቈጠራል።

ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራውን ባለሞያ እንመልከት። የድዱን ቅርጽ ይወስዳል፤ በሰም አበጅቶ በበሽተኛው አፍ ይለካዋል፤ በመጨረሻም በአክሪሊክ ያጸናዋል። ልኩ ቢዛባ ጥርሱ ድድን ያቈስላል። ሳይድን የሚቈይ ቍስል ደግሞ የአፍ ነቀርሳ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፥ ሠሪው ይህን ለይቶ በሽተኛውን ወደ ሐኪም መላክ ይገባዋል። እንግዲህ ፈቃድ መጠየቅ ሕዝብን መጠበቅ እንጂ ከንቱ ሥርዓት አይደለም።

የኬንያ የ2021 የስደተኞች ሕግ፥ ሥልጣን ባለው አካል የታወቀ ማስረጃ ያለው ስደተኛ በሞያው እንዲሠራ ይፈቅዳል። የ1951 የጄኔቭ ስምምነትም በአንቀጽ 19 የዲፕሎማ ባለቤቶችን በተመሳሳይ መንገድ ይመለከታል። በሁለቱም ዘንድ ነገሩ የሚያርፈው «የታወቀ» በሚለው ቃል ላይ ነው። መዛኝ ከሌለ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ሌሎች አገሮች መላ አግኝተውለታል። አውስትራልያ በ1992 ባወጣችው ሕግ፥ በአንዱ ግዛት የተመዘገበ ባለሞያ በሌላው ግዛት በተመሳሳይ ሞያ እንዲመዘገብ ፈቀደች። ከ2010 ጀምሮም ጥርስ ሠሪዎችን በአንድ ብሔራዊ መዝገብ አጠቃለለች። የካናዳ ክፍላተ ሀገርም በ2017 በጸናው የንግድ ስምምነታቸው ተመሳሳይ ግዴታ ገብተዋል። በአፍሪካም በ2014 በአዲስ አበባ የተፈረመው የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎች ስምምነት በ2019 ጸንቷል፤ ሆኖም የሥራ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን በየመንግሥቱ እጅ ነው።

ስለዚህ ለአስተዳዳሪዎች የሚቀርበው አሳብ ቀላል ነው። ወረቀት ያለው ሰው ማስረጃው ከሰጠው አካል ይጠየቅለት፤ ወረቀቱ የጠፋበት በፈታኞች ፊት በእጁ ሠርቶ ያሳይ፤ ጕድለት የተገኘበት የጐደለውን ብቻ ይማር፤ የተከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍና በተወሰነ ቀን ይቀበል። ነጋዴ በአንዱ ገበያ የተመዘነ ቡና በሌላው ሲመዘን አይቈጣም፤ የሚቈጣው ሚዛን የለም ተብሎ ሲመለስ ነው። ባለሞያውም የሚለምነው ሚዛኑን ብቻ ነው።