ነጩ የጥርስ ሙሌት ምን ያህል ይኮማተራል? እንዴትስ ይለካል?

ጥርሱን በነጩ ሙሌት ያስሞላ ሰው ሰማያዊዋን መብራት አይረሳትም። ሐኪሙ ሊጥ የመሰለውን ነገር ቀዳዳው ውስጥ ይጨምርና መብራቷን ለጥቂት ሰከንዶች ያበራበታል፤ ሊጡም ይጠነክራል። ብዙዎቻችን ልብ የማንለው፣ ሙሌቱ በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ እንደሚኮማተር ነው።

ኮምፖዚት የሚባለው ይህ ሙሌት ሬዚን ከተባለ ሙጫ መሰል ፈሳሽና በጣም ከደቀቀ የመስታወት ዱቄት ይዘጋጃል። የሬዚኑ ሞለኪውሎች መጀመሪያ ተራርቀው ይቀመጣሉ። ብርሃኑ ሲያገኛቸው ግን ይያያዛሉ፣ በመካከላቸው የነበረው ርቀትም በግማሽ ገደማ ያንሳል። ዱቄቱ ስለማይኮማተር ጠቅላላው ቅናሽ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። ዱቄት ያነሰበት ቀጭኑ ዓይነት ከዚህ ይበልጣል።

3 በመቶ ምን አላት? ይባል ይሆናል። ሙሌቱ ግን ከጥርሱ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ሲኮማተር ወይ ከግድግዳው ይላቀቃል፣ ወይ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይስባል። ከተላቀቀ በክፍተቱ ምራቅና ባክቴሪያ ይገባል፤ ከሳበው ደግሞ ጥርሱ ሲያኝኩበት ሊያም፣ አንዳንዴም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ይህን ያህል ትንሽ ነገር በማስመሪያ አይለካም። አንዱ ዘዴ ስንማርም ስናስተምርም ለፈተና ብቻ የምንሸመድደው የአርኪሜዲስ ሕግ ነው። ለምሳሌ ያልጠነከረው ሊጥ በአየር 2 ግራም፣ ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ 1 ግራም ቢመዝን፣ ይዘቱ 1 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው ማለት ነው። ከጠነከረ በኋላ በአየር ያው 2 ግራም ሆኖ ውኃ ውስጥ 1.03 ከመዘነ፣ ይዘቱ ወደ 0.97 ወርዷል፤ 3 በመቶ ተኮማትሯል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መለኪያም በዚሁ መርሕ ይሠራል።

ሚዛን ግን መነሻውንና መድረሻውን እንጂ መንገዱን አያሳይም። ይህንን የፈታው እ.ኤ.አ. በ1991 ዋትስና ካሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ዘዴ ነው። ትንሽ ሊጥ በወፍራም መስታወትና በስስ መስታወት መካከል እንደ ሳንቲም ይዘረጋል። ብርሃኑ ከሥር ይመጣል፤ ከላይ ያለች ስስ መዳሰሻ ደግሞ ስሱ መስታወት ምን ያህል እንደወረደ በየቅጽበቱ ትመዘግባለች። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሊጥ 0.025 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 2.5 በመቶ ነው። አብዛኛው ቅናሽ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች እንደሚሆን፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላም ቀስ እያለ እንደሚቀጥል በዚህ ይታያል።

ከዚህ ሌላ በሜርኩሪ ቱቦ የሚለካበት ዘዴም አለ። ሜርኩሪ ያለበትን አሮጌውን ሙሌት የሚተካ ነገር በሜርኩሪ መለካቱ ትንሽ ያስገርማል።

ስለዚህ በተለያየ ዘዴ የተገኙ ቁጥሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይህ ይሻላል» ማለት አይቻልም። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑም ብቻውን አይበቃም፤ ዱቄት የበዛበት ሙሌት ትንሽ ቢኮማተርም ግትር ስለሆነ ጥርሱን አጥብቆ ሊስብ ይችላል።

ሐኪሙ ጥልቅ ቀዳዳን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ እየደራረበ፣ በየድርቡ መብራት እያበራ ሲሞላ አንዱ ምክንያት ብርሃኑ እስከ ታች እንዲደርስ ነው፤ ሌላው ይኸው መኮማተር ነው። ስለዚህ አፍዎን ከፍተው መቆየቱ ቢሰለችዎትም አያጣድፉት። ካስሞሉም በኋላ ሲያኝኩ የሚሰማዎት ሕመም ከቀናት በኋላ ካልቀነሰ ተመልሰው ይታዩ።