በረኛው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1759 የለንደኑ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እናቱ ሞተችበት። ለቀብሯ የሚሆን ገንዘብ ቸግሮት ስለነበር በአንድ ሳምንት ምሽቶች አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፎ ለአሳታሚ ሸጠ። ታሪኩ የሚጀምረው «አማራ» በተባለ አገር፣ በተራሮች በታጠረ ለምለም ሸለቆ ውስጥ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጆች ዙፋን እስኪደርሳቸው ድረስ በምቾት ተቆልፎባቸው ይኖራሉ። ወደ ሸለቆው የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም በአለት ሥር የሚያልፍ ዋሻ ነው። የዋሻውን አፍ የዘጋው የብረት መዝጊያ ከክብደቱ የተነሣ በሰው ጉልበት ብቻ የሚከፈት አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ ንጉሡ ልጆቻቸውን ሊጎበኙ ሲመጡ ይከፈታል፤ ስምንት ቀን ተቀምጠው ሲመለሱ ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ገብተው ጨዋታቸው የተወደደላቸው ሙዚቀኞችና ዘፋኞች እዚያው ይቀራሉ፤ ዳግመኛ አይወጡም።

ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ያወቃት በወጣትነቱ የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የጄሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ሲተረጉም ነው። የልዑሉን ስም «ራሴላስ»ንም ያገኘው የአፄ ሱስንዮስ ወንድም ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም ሳይሆን አይቀርም። ከሸለቆው ጀርባ ያለችውም የወሎዋ አምባ ግሸን ነች፤ የነገሥታት ልጆች ለዘመናት ታስረው የኖሩባት፣ በበሯ ካልሆነ የማይወጣባት አምባ። መጽሐፉን በአማርኛ ያነበብነው ሲራክ ኅሩይ ስለተረጎመው ነው፤ ወደ አባቱ ኋላ እንመጣለን።

ዛሬ ፋንታሲ በሚባለው የልብ ወለድ ዓይነት ውስጥ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው የሚያሻግር በር ያለበት መጽሐፍ ብዙ ነው። ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ አራት ልጆች በአንድ ቁምሳጥን ገብተው፣ በካፖርቶቹ መሐል አልፈው፣ በረዶ በሚጥልበት የናርኒያ ምድር ይወጣሉ። ከዚያ ወዲህ በሩ መስታወት ሆኗል፣ ጉድጓድ ሆኗል፣ የባቡር ጣቢያ ግድግዳ ሆኗል። ደራሲዎች ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት በበሩ መልክ ላይ ነው፤ ብርሃኑ ምን ዓይነት ነው፣ የሚከፍተው ድግምት የትኛው ነው እያሉ። እኔ ግን ፋንታሲ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው በረኛውን ነው። ማን ያሳልፋል? ስንት ያስከፍላል? ማንን ይመልሳል? ይህን ያልመለሰ መጽሐፍ በሩን የቱንም ያህል ቢያሸበርቀው አይገባኝም፤ ምናልባት የሸዋን ታሪክ ደጋግሜ ስላነበብሁ ይሆናል።

በሰሜን ሸዋ ዓለም ከዓለም የሚለይበትን ድንበር ለማየት ድግምት አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ገብስ፣ በግ፣ ባና፣ ውርጭ። ሜዳው ወደ ምሥራቅ ተዘርግቶ ተዘርግቶ ድንገት ያልቃል። ከጫፉ ቁልቁል የስምጥ ሸለቆው ግድግዳ ነው፤ ከሥሩ የይፋት ቆላ፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ምድር። ደጋው በጉም ተሸፍኖ ጋቢ ሲያስደርብ ታች ሸዋ ሮቢት ሰው ጥላ ይፈልጋል። ቋንቋው ይለወጣል፣ እህሉ ይለወጣል፣ ከብቱ በግመል ይተካል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጋር የመስጊዱ አዛን ይሰማል። ከገደሉ ጫፍ የሚኖር ጭላዳ ይህን ድንበር ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ቀን ሜዳው ላይ ሣር ሲነጭ ይውልና ሲመሽ ነብርና ጅብ ወደማይደርሱበት የገደል ግድግዳ ወርዶ ያድራል። የአንኮበር ሴሪን የተባለችውን ትንሽ ወፍ ደግሞ የሳይንስ ሰዎች ያወቋት ገና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፤ የምትኖረውም በዚሁ ገደል አፋፍ ላይ ነው።

አንኮበር የተመሠረተችው በዚህ ጫፍ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ሲደርሱ የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ፊቱን ወደ ቆላው መልሶ ያገኙታል። የሸዋ ነገሥታት እዚያ የተቀመጡት ለአየሩ ብለው አይመስለኝም። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ በሳምንታት ጉዞ የሚያቋርጥ ሲራራ ነጋዴ ደጋውን የሚወጣው በዚሁ በኩል ነበር። ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ወደ ታች ይወርዳል። ከአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ አርጎባው፣ ሐረሪው፣ አፋሩና አማራው የሚገናኝባት ገበያ ነበረች፤ ግመል ከዚያ አይወጣም፣ ጭነቱ በበቅሎና በአህያ ይተካል። የፋንታሲ ደራሲዎች የሚዘነጉት ይህን ይመስለኛል። የናርኒያ ቁምሳጥን አንኮበር ቢቀመጥ ኖሮ ዓመት ሳይሞላ ፊቱ ላይ ኬላ ይተከል ነበር፤ ከኬላው ሥር ገበያ፣ ከገበያው ዳር ጠጅ ቤት፣ ከጠጅ ቤቱ አጠገብ ደግሞ ናርኒያ ገብቼ ወጥቻለሁ የሚል አንድ ወሬኛ አይጠፋም።

ይህ በር በረኛ ነበረው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ባለው ጊዜ፣ የምሥራቁን ጠረፍ የሚጠብቁት ወላስማ መሐመድ የተባሉ ሙስሊም ሹም ነበሩ። ወላስማ የሚለው ማዕረግ በመካከለኛው ዘመን ይፋትን ይገዛ የነበረውን የሱልጣኖች ሥርወ መንግሥት ስም የያዘ ነው። የድሮ ባላጋራን ስም የተሸከመ ቤት ለክርስቲያኑ ንጉሥ በር ሲጠብቅ ማየት የትኛውም ልብ ወለድ ጸሐፊ ሊቀናበት የሚገባ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሁሉ፣ ስጦታው ምንም ቢሆን፣ ከቆላው ጠረፍ ደርሶ መልእክት ይልካል፤ ንጉሡ «ይግባ» እስኪሉ ድረስም ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1841 ከቦምቤይ ተልኮ መድፍና ጠመንጃ ጭኖ የመጣው የእንግሊዙ መኮንን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከነጓዙ በዚህ ሥርዓት አልፏል። በዚያው ዓመት ኅዳር ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ።

ወላስማ መሐመድ ሁለተኛ ሥራም ነበራቸው። መቀመጫቸው በሆነችው በጎንቾ ኮረብታ ሥር የንጉሡ ወንድሞች ታስረው ይኖሩ ነበር። ጆንሰን ካሳተመ ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፎ ሃሪስ በልብ ወለድ የሚያውቀውን የልዑላን እስር ቤት በእውን አገኘው፤ ልዩነቱ እዚህ ለምለም ሸለቆም ሙዚቃም አለመኖሩ ነው። እስረኞቹ ኋላ በንጉሡ ምሕረት ሲፈቱ ማየቱንም በመጽሐፉ ተርኳል። በረኛውና የእስር ቤቱ ጠባቂ አንድ ሰው መሆናቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አልነበረም። ወደ መንግሥቱ የሚገባውን የሚመርጥ ሰው ከመንግሥቱ የማይወጣውንም ያውቃል።

መግባትና መውጣት ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸውና። ለዚህ ከሣህለ ሥላሴ በፊት የነበረ ታላቅ ምስክር አለ። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው ፖርቱጋላዊ ሰላይ ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ይኖርበታል የተባለውን አገር ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1487 ከአገሩ ወጣ። ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ አውሮፓውያን ለመቶዎች ዓመታት የፈጠሩት የምናብ ንጉሥ ነው። ሰውየው ግን ምናቡን ተከትሎ በእውነተኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ግቢ ደረሰ። በክብር ተቀበሉት፤ መሬት ሰጡት፤ ሚስትም አገኘ። ወደ አገሬ ልመለስ ሲል ግን እንቢ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ባለርስት፣ የልጆች አባትና አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ አገኘው፤ በዚያው ቀረ።

በሩ በተቃራኒውም ይዘጋል። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 አንኮበር ገብቶ ሦስት ዓመት ያህል ከሣህለ ሥላሴ ጋር ወዳጅ ሆኖ ኖረ። በ1842 ሊያገባ ወደ ግብፅ ወርዶ ከሚስቱ ጋር ታጁራ ሲመለስ ወደ ሸዋ መግባት ተከለከለ። ሰውየው መርከብ ተሳፍሮ ወደ ደቡብ ሄደ፤ ሞምባሳ ተቀመጠ፤ በ1849 የኬንያን ተራራ አይቶ ለአውሮፓ የነገረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የኬንያ የሚሲዮን ታሪክ አንዱ መነሻ በአንኮበር በኩል የተዘጋ በር ነው።

እስካሁን የተነሡት ሁሉ ስማቸውን ያስጻፉ፣ መጽሐፍ ያሳተሙ እንግዶች ናቸው። በዚያው ቁልቁለት ከደቡብና ከምዕራብ ተነድተው ወደ ታጁራ የወረዱት ባሪያዎች ግን ከንጉሥ ፈቃድ አልጠየቁም፤ በበሩ ቀረጥ ተከፈለባቸው እንጂ። ለነሱ በሩ የሚከፈተው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። ስለ ምናባዊ በር የሚጽፍ ሰው ዓለማቱን በካርታ ከመሳሉ በፊት በበሩ ተገድደው የሚያልፉት እነማን እንደሆኑ ቢያስብ ጥሩ ነው፤ ብዙዎቹ መጻሕፍት ይህን ጥያቄ አያነሡትም፣ እኔ ደግሞ ይህ ድክመት እንጂ የዘውጉ ሕግ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ስል የእምነቱን ወገን ረስቼ አይደለም። ስለ ስውራን ቅዱሳን ያልሰማ የሸዋ ልጅ የለም፤ በገዳም አካባቢ ይኖራሉ፣ የእጣናቸው ሽታና የማሕሌታቸው ድምፅ ይሰማል፣ መግቢያው ግን ለተመረጠ ካልሆነ አይታይም ይባላል። እዚህ ቀረጥ የለም፤ በረኛው የሰውዬው ንጽሕና ነው። ከሁለቱ በሮች ለድርሰት የሚመቸው የቱ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ለእኔ የአልዩ አምባው ይበልጥብኛል፤ የስውራኑ በር ሥራው ከድርሰት ሌላ ነው።

በር እንደሚወለድ ሁሉ ይሞታል። ግጥም ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነሣና በረሃውን አቋርጦ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። ምኒልክ አልነበሩም። በጥር ሐረርን ይዘዋል፤ መቀመጫቸውም ወደ እንጦጦ ዞሯል። ራምቦ እንጦጦ ድረስ ተከትሏቸው ጠመንጃውን በርካሽ ለመሸጥ ተገደደ። የሐረር መንገድ ሲከፈት የአንኮበር መንገድ ጠቀሜታው ቀነሰ፤ የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ነገሩ አለቀ። በሩን ማንም አልሰበረውም፤ ሌላ በር ተከፈተ፣ ነጋዴውም ወደዚያ ሄደ።

ከአንኮበር በስተ ሰሜን ግን በዚያው ገደል ላይ አዲስ በር ተበሳ። የጣርማ በር መተላለፊያ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያው ማርሻል የባዶሊዮ ሠራዊት በመኪና ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ኢትዮጵያውያን እዚያ መንገዱን አፍርሰው ስለጠበቁት እስኪጠገን ድረስ ከነመኪናው ቆመ። ደብረ ብርሃንን አልፎ ጫጫ አጠገብ ደግሞ አርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ከነጓደኞቻቸው ገጠሙት። ኢጣሊያኖች አዲስ አበባ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ገደሉን ዳግም ላለመለመን ተራራውን ቦርቡረው 600 ሜትር ገደማ የሚሆን ዋሻ ሠሩ፤ የሙሶሎኒ ስምም ሰጡት። ራሴላስም ከሸለቆው ያመለጠው ተራራ በስቶ ነው፤ ብልሃቱንም የተማረው ጉድጓዳቸውን ሽቅብ ከሚምሱ ሽኮኮዎች ነው። በልብ ወለዱ የሚበሳው ለማምለጥ ነው፣ በጣርማ በር የተበሳው ለመግዛት ነበር። ዋሻው ዛሬም ይሠራል። ከደብረ ብርሃን በኩል ጉም ውስጥ መብራት አብርቶ የገባ የጭነት መኪና በወዲያኛው አፍ ሲወጣ ጠመዝማዛው ቁልቁለት ከደብረ ሲና ጋር ይጠብቀዋል፤ ሾፌሩ ጃኬቱን የሚያወልቀው ሸዋ ሮቢት ሲቃረብ ነው።

የሰሜን ሸዋን ሰው ወደ ሌላ ዓለም አሻግሮ የመለሰውን ልብ ወለድ የጻፉት ግን ከመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ የራሴላስን መጽሐፍ የተረጎመው የሲራክ አባት። በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም» አወቀ የተባለ የተጉለት ልጅ ፈረንሳይ አገር ሄዶ ተምሮ ሲመለስ ያጋጠመውን ይተርካል። የሉዊስ ልጆች ናርኒያ ውስጥ ዓመታት ነግሠው በቁምሳጥኑ ሲመለሱ አንድ ደቂቃ እንኳ አላለፈችም፤ ማንም አልናፈቃቸውም፣ ማንም አልተለወጠባቸውም። አወቀ ግን የሄደበትን ዘመን ከዕድሜው ከፍሏል። ሲመለስ አባቱ ይሞታል፤ ዘመድ አዝማድ ትልቅ ተዝካር ይደገስ ይላል፣ እሱ ደግሞ ለሆድ መሙያ የሚባክን ገንዘብ አልሰጥም ብሎ ከሁሉም ጋር ይጣላል። ኅሩይ ለባሕር ማዶው ጉዞ ጥቂት ገጽ ሰጥተው የቀረውን መጽሐፍ በዚህ ጠብ ሞልተውታል።