«ሐኪም» የተባለውን ጠመንጃ ያውቁ ኖሯል?

አሮጌ የጦር መሣሪያ በሚሰበስቡ አሜሪካውያን ዘንድ «ሐኪም» ወሬው ብዙ ነው። ስዊድን ነድፋው፣ ግብፅ ሠርታው፣ የጀርመን ጥይት የሚጎርስ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛው ሰው ከሣጥኑ አውጥቶ ሲያገላብጠው ጥያቄ ይደራረብበታል። ለምን ይህን ያህል ከበደ? ማቀባበያው የታለ? የተሠራበት ዘመንስ ለምን ግራ ያጋባል? አዲሱ ባለቤት የሚገረምባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የት ተወለደ?

ያውቁ ኖሯል? የሐኪም አባት «ዩንግማን» የሚባለው የስዊድን ጠመንጃ ነው። የነደፈው ኤሪክ ኤክሉንድ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ግን ኤክሉንድ ይሠራበት ከነበረው የማልሞ ከተማ ድርጅት ነው። ንድፉ በ1941 ገደማ ወጥቶ በ1942 በሠራዊቱ እጅ ገባ። ለጦር መሣሪያ ይህ የጥድፊያ ጥድፊያ ነው።

ጥድፊያው ያለ ምክንያት አልነበረም። በሚያዝያ 1940 ጀርመን ዴንማርክንና ኖርዌይን በአንድ ቀን ስትወር፣ ገለልተኛዋ ስዊድን ጦርነቱ ደጃፏ ላይ ደርሶ አየችው። የእግረኛ ወታደሯ ዋና መሣሪያ ግን ለእያንዳንዱ ተኩስ በእጅ የሚቀባበል ማውዘር ነበር።

ከዩንግማን የተሠራው ወደ 30,000 ገደማ ብቻ ነው። ማውዘሩን ከሥራ አላስወጣውም፤ ጎን ለጎን አገለገሉ።

ስዊድኖች የጥድፊያውን ጉድለት ያረሙት ከ1953 እስከ 1956 ነው። የጋዙን ቱቦ በማይዝግ ብረት ተኩ፤ ተፈናጥሮ የሚወጣው ቀለህ እንዳይጨራመት የሚያለዝብ ጎማም ጨመሩበት።

ከማልሞ እስከ አባይ ዳር

ያውቁ ኖሯል? በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግብፅ የዩንግማንን የመሥራት መብት ከነማሽኑ ከስዊድን ገዛች። በራስዋ ፋብሪካ ያመረተችውንም «ሐኪም» አለችው።

ስዊድኖች 6.5 ሚሊሜትር ጥይት ነበር የሚያጎርሱት። ግብፆች ወደ 7.92 ሚሊሜትሩ የጀርመን ማውዘር ጥይት ቀየሩት። ከዚያ በፊት ከቤልጂየም የገዙት ኤፍኤን 49 የተባለ ከፊል አውቶማቲክም የሚጎርሰው ይህንኑ ነበርና፣ ሁለት ዓይነት ጥይት ከማከማቸት ዳኑ።

የቤልጂየሙን ኤፍኤን 49 የነደፈው ዲዩዶኔ ሴቭ፣ አሜሪካዊው የመሣሪያ ነዳፊ ጆን ብራውኒንግ በ1926 ሲሞት ጅምር የቀረውን ሽጉጥ ከፍጻሜ ያደረሰው ያው ሰው ነው። «ሃይ ፓወር» የሚባለው ብራውኒንግ ሽጉጥ እሱ ነው። ኋላም ፋል የተባለውን ስመ ጥር ጠመንጃ ነድፏል።

በእጅ ሲያዝ

ያውቁ ኖሯል? ሐኪም 5 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚጎድለው፤ ርዝመቱም 1.2 ሜትር ያህል ነው። አገራችን ውስጥ የሚታወቀው ሲሞኖቭ 4 ኪሎ አይሞላም። ሐኪምን ለማደን ይዞ ተራራ የወጣ ሰው ለምን እንደተሸከመው ራሱን ሳይጠይቅ አይመለስም።

በቀኝ በኩል እንደ ክላሽ ወጣ ያለ ማቀባበያ ቢፈልጉ አያገኙም፤ ማቀባበያው ክዳኑ ራሱ ነው። ከላይ ያለውን ክዳን ወደፊት ይገፉታል፤ ቀጭ ብሎ ከመዝጊያው ተሸካሚ ብረት ጋር ይያያዛል። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ኋላ ይጎትቷቸዋል። ጥይቱን ከላይ አጉርሰው ሲጨርሱ ክዳኑን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ተሸካሚው ይላቀቅና በሙሉ ኃይሉ ወደፊት ይወረወራል።

መንገዱ ላይ አውራ ጣት ካገኘ አይምርም። የሐኪም ባለቤቶች ለአዲስ ገዢ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር ስለ ዒላማ ሳይሆን ስለ ጣት ነው። ጥይት ሳይኖረው፣ በዝግታ፣ ደጋግሞ መለማመድ ይበጃል።

የጥይት ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል። ሊወልቅ ቢችልም፣ ወታደሩ በየጊዜው እያወለቀ እንዲቀይረው ታስቦ አልተሠራም። አምስት አምስት ሆነው በቆርቆሮ የተሰደሩ ጥይቶችን ከላይ በአውራ ጣት ጨቁኖ ሁለት ጊዜ ማጉረስ ነው ወጉ።

በብረቱ ላይ የተቀረጸው በዐረብኛ ፊደልና አኃዝ ነው፤ አዲሱ ባለቤት የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በዐረቦቹ አኃዝ አምስት ቁጥር ክብ ናት፤ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ናት። አንድና ዘጠኝ ከምናውቃቸው ብዙም አይርቁም። ስለዚህ በ1955 የተሠራ ሐኪም ላይ የተቀረጸው ዘመን ለማያውቅ ዓይን ልክ 1900 ይመስላል። «የመቶ ሃያ ዓመት ጠመንጃ አገኘሁ» ብሎ ከመፎከር በፊት አኃዙን የሚያነብ ሰው መፈለግ ነው።

ምላጩ ሲሳብ

ያውቁ ኖሯል? ብዙዎቹ ከፊል አውቶማቲኮች ከባሩዱ የሚወጣውን ጋዝ አንድ ዘንግ እንዲገፋ ያደርጉታል፤ ዘንጉ መዝጊያውን ይመልሳል። ሐኪም ዘንግ የለውም። ጋዙ ከአፈሙዙ ግድም በቀጭን ቱቦ ተመልሶ መጥቶ የመዝጊያውን ተሸካሚ በቀጥታ ይመታዋል።

ጥቅሙ ተንቀሳቃሽ ብረት መቀነሱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የባሩዱ ጥላሸት እስከ ውስጥ ድረስ መግባቱ ነው። ስለዚህ ሐኪምን የሚወለውል ሰው የቧንቧውን ውስጥ ብቻ አጽድቶ ቢተው ሥራው ግማሽ ነው፤ ጋዙ የሚያርፍበትን የተሸካሚውን ግንባርም ማየት አለበት።

የአሜሪካው ኤም 16 ወገን የሆኑት ጠመንጃዎችም ጋዙን በቱቦ ይመልሳሉ። ሆኖም የነደፋቸው ዩጂን ስቶነር በ1956 ባስገባው የፈጠራ ማመልከቻ የእሱ የተለየ መሆኑን አስፍሯል፤ በእሱ ንድፍ ጋዙ ተሸካሚው ውስጥ ገብቶ ነው የሚለጠጠው።

የሐኪም መዝጊያ ጥይቱን የሚቆልፈው ጀርባውን ወደ ታች ዘንበል በማድረግ ነው። ሲሞኖቭም፣ ኤፍኤን 49ም፣ ፋልም በዚሁ መላ ነው የሚቆልፉት።

ግብፆች ያከሉበት አንድ ብልህ ነገር አለ፤ የጋዝ መቆጣጠሪያ ነው። በትንሽ መፍቻ እየተዞረ የሚመለሰውን ጋዝ ያበዛል ወይም ያሳንሳል። ጋዙ ከበዛ መዝጊያው ቀለሁን በኃይል መንጭቆ ያሽቀነጥረዋል፤ የቀለሁ ከንፈር ይበላሻል፣ ጎኑ ይጨራመታል፣ አጠገብ የቆመ ሰውም ትኩስ ናስ ሊያርፍበት ይችላል። ጋዙ ካነሰ ደግሞ ጠመንጃው ቀጣዩን ጥይት ሳይጎርስ ይቀራል። አዋቂዎቹ የሚመክሩት ከአነስተኛው ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጨመሩ፣ ቀለሁ በቅርብ ርቀት መውደቅ ሲጀምር እዚያው ማቆም ነው።

አፈሙዙ ላይ ያለው የጋዝ ማስተንፈሻ ከክብደቱ ጋር ተጋግዞ የሰደፉን ምት ያለዝበዋል። ትከሻ ያተረፈው ግን ጆሮ ከፍሎበታል። ከጎን የቆመ ሰው ድምፁ ይጠናበታል፤ ደረቅ መሬት ላይ በደረት ተኝቶ የሚተኩስም አቧራውን ይቅማል። የጆሮና የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ ሐኪምን መተኮስ ጀግንነት አይደለም።

የጥይቱ ነገር

ያውቁ ኖሯል? አንድ ዓይነት ስም ያለው የማውዘር ጥይት አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ ደከም ያለ፣ አውሮፓ ውስጥ ሲሠራ ጠንከር ያለ ነው። ምክንያቱ ከመቶ ዓመት በላይ ወደኋላ ይወስደናል። የ1888ቱ የጀርመን ጠመንጃ ቧንቧው ጠበብ ያለ ነበር። በ1905 ጀርመኖች ወፈር ያለ እርሳስ ሲቀበሉ ሁለቱ እርሳሶች ጎን ለጎን ቀሩ፤ አሮጌው 8.08፣ አዲሱ 8.22 ሚሊሜትር። ወፍራሙ በጠባቡ ቧንቧ እንዳይፈነዳ የሠጉት አሜሪካውያን አምራቾች ኃይሉን ቀነሱት።

ሐኪም የተሠራው ለወፍራሙና ለኃይለኛው ነው። ከአሜሪካ ሱቅ የተገዛው ደካማ ጥይት አልሠራ ሲለው «ተበላሽቷል» ብሎ የሚሸጠው ባለቤት፣ ብዙ ጊዜ ያጣው የጋዙን መቆጣጠሪያ ከፈት ማድረግን ነው።

ርካሹ አሮጌ ወታደራዊ ጥይት ሌላ ዕዳ አለው። በብዙዎቹ አቀጣጣይ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሲቃጠል ጨው ይተዋል፤ ጨውም እርጥበት ይስባል፤ ብረቱም በአጭር ጊዜ ይዝጋል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ የሚያሟሟው ውኃ ነው። ስለዚህ ያን ጥይት የተኮሰ ሰው በዚያው ቀን ቧንቧውንና የጋዙን መስመር በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ ከዚያ ነው ዘይት የሚቀባው። ጠመንጃ በውኃ ማጠብ ለጀማሪ ጆሮ ይከብዳል፤ ሳያጥብ ያደረው ግን ጠዋት ዝገት ይጠብቀዋል።

ለምን ብርቅ ሆነ?

ያውቁ ኖሯል? ሐኪም ገና ሳይጠግብ ነው ያረጀው። በመስከረም 1955 የግብፁ መሪ ጋማል አብደል ናስር ከቼኮስሎቫኪያ ጋር የመሣሪያ ግዢ ስምምነት ማድረጋቸውን ይፋ አደረጉ። የምሥራቁ ወገን መሣሪያ ግብፅ ሲገባ አጭሩ 7.62 ሚሊሜትር ጥይትም አብሮ ገባ፤ ረጅሙና ከባዱ ሐኪም ቦታው ጠበበ።

ግብፆች ንድፉን አልጣሉትም። አሳጥረው፣ አቅልለው፣ አጭሩን ጥይት አጉርሰው «ረሺድ» የተባለ ታናሽ ወንድም ሠሩለት። እሱ በጎኑ ማቀባበያ፣ ከአፈሙዙ ሥር ደግሞ የሚታጠፍ ሳንጃ አለው። ለጣት የሚያሠጋው ክዳን በታናሹ ላይ ቀርቷል።

ሐኪም የተሠራው ወደ 70,000፣ ረሺድ ደግሞ ወደ 8,000 ይገመታል። የአሜሪካው ኤም 1 ጋራንድ ከ5 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ይህ ጋራንድ ከ1951 ጀምሮ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ያነገበው ነው።

ለግብፅ የተሠራ፣ ሐኪምን የሚመስል የአየር ጠመንጃም አለ። የጀርመኑ አንሹትዝ በ1950ዎቹ ለምልምሎች ማለማመጃ የሠራው ሲሆን፣ 5.5 ሚሊሜትር እርሳስ ይተኩሳል። ዛሬ እሱም ለብቻው ይሰበሰባል።

በአሜሪካ ሕግ ከተሠራ 50 ዓመት የሞላው፣ እንደ ቀድሞው ሆኖ የቆየ ጠመንጃ በቅርስነት ይቆጠራል፤ ለሰብሳቢዎች የተለየ ፈቃድም አለ። ሐኪም ዕድሜውን ካለፈ ቆይቷል።

የኛም አገር አሮጌ መሣሪያዎች በዚሁ ገበያ ይታያሉ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ የጣሊያን ካርካኖዎችና ቬተርሊዎች፣ እንዲሁም የአሜሪካ ኤም 1 ካርባይኖች አትላንቲክን ተሻግረው ለአሜሪካ ሰብሳቢዎች ተሸጠዋል።

ሳይተኩሱ በፊት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ስድሳና ሰባ ዓመት ያለፈው ጠመንጃ በስንት እጅ እንዳለፈ አይታወቅም። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ቀጥሎ ዕውቀት ያለው የጠመንጃ ጠጋኝ ቧንቧውን፣ መቆለፊያውንና የጋዙን መስመር ይይልዎ። ከዚያ አንድ ጥይት ብቻ አጉርሰው ይሞክሩ፤ ካዝናውን መሙላት ይደርሳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) የተከለከለ ነው፤ የአያት ጠመንጃ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰውም ሕጉ ይመለከተዋል። አሜሪካ ያላችሁም የግዛታችሁን ሕግ ሳታውቁ አትግዙ፤ ከግዛት ግዛት ይለያያል።

በዒላማ ውድድር ለማሸነፍ ከሆነ ሐኪምን አይግዙ፤ ይከብዳል፣ ይጮኻል፣ ጣት ይቀጣል። አንድ ንድፍ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ምን እንደሚጨመርበትና ምን እንደሚቀነስበት በእጅ ዳስሶ ማየት ለሚወድ ሰው ግን ከሐኪም የተሻለ አስተማሪ ማግኘት ይከብዳል።