ፍጥነትን በአንድ ጥንድ መንኮራኩር የፈለገው የስተርሊንግ ሎኮሞቲቭ

በአውሮፓውያኑ ነሐሴ 1895 በብሪታኒያ ያልተለመደ ፉክክር ተካሂዶ ነበር። ከለንደን ወደ ስኮትላንድ የሚዘልቁትን የምሥራቅና የምዕራብ የባቡር መስመሮች የያዙ ኩባንያዎች መንገደኞቻቸውን ቀድመው አበርዲን ለማድረስ ሌሊቱን ይሽቀዳደሙ ጀመር። በፉክክሩ ማብቂያ ገደማ የምሥራቁ ባቡር 842 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በ8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አጠናቀቀ።

ባቡሩን ከለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ እስከ ግራንታም፣ 170 ኪሎ ሜትር ያህል የጎተተው 668 ቁጥር ሎኮሞቲቭ ሲሆን የወሰደበትም 101 ደቂቃ ብቻ ነበር። ከዚያ እስከ ዮርክ ያለውን 133 ኪሎ ሜትር የዚያው ዓይነት የሆነው 775 ቁጥር ተረክቦ በ76 ደቂቃ አገባደደው። በሁለቱም ርቀቶች አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር።

የሁለቱ ሎኮሞቲቮች መሠረታዊ ንድፍ በዚያን ጊዜ 25 ዓመት አስቆጥሯል። ይህን ፍጥነት ያስገኘላቸው የንድፍ ውሳኔ ግን ብዙም ሳይቆይ ከዋናው አገልግሎት ለመገለላቸው ምክንያት ሆነ።

ንድፉን ያወጣው በ1820 በስኮትላንዷ ኪልማርኖክ የተወለደው ፓትሪክ ስተርሊንግ ነው። አባቱ ሮበርት ስተርሊንግ በስሙ የሚጠራውን በሞቀ አየር የሚሠራ ሞተር የፈለሰፉ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ልጁ በ1866 የግሬት ኖርዘርን የባቡር ኩባንያ የሎኮሞቲቭ ክፍል ኃላፊ ሆነ። 1 ቁጥር የተሰኘው የመጀመሪያው ሎኮሞቲቭም በ1870 ከዶንካስተር ፋብሪካ ወጣ።

መንኮራኩሩ ለምን ገዘፈ?

በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ውስጥ በከሰል እሳት የፈላው ውሃ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ በሲሊንደር ውስጥ ያለውን ፒስተን ወዲያና ወዲህ ይገፋል፤ ፒስተኑም በብረት ዘንግ አማካኝነት መንኮራኩሩን ያዞራል። ፒስተኑ አንድ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ መንኮራኩሩ አንድ ዙር ይዞራል። ስለዚህ መንኮራኩሩ በገዘፈ ቁጥር በአንድ የፒስተን ምልልስ የሚሸፈነው ርቀት ይረዝማል።

የስተርሊንግ ሎኮሞቲቭ ዋና መንኮራኩር ከዳር እስከ ዳር 2.46 ሜትር ነበር። በአንድ ዙር ወደ 7.7 ሜትር ይጓዛል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድም በደቂቃ 215 ዙር ያህል ይበቃዋል። 1.5 ሜትር የሆነ መንኮራኩር በዚሁ ፍጥነት ለመጓዝ በደቂቃ ከ350 ዙር በላይ መዞር ይኖርበታል። የሚመላለሱት ከባድ ብረቶች በፈጠኑ መጠን ንዝረቱ፣ ሙቀቱና የብረቱ መበላት ይብሳል፤ እንፋሎቱ ወደ ሲሊንደሩ ለመግባትና ለመውጣት የሚያገኘው ጊዜም ያጥራል።

ስተርሊንግ ሲሊንደሮቹን ከሎኮሞቲቩ ውጭ፣ በግራና በቀኝ ጎኑ አደረጋቸው። በዚህም ሁለቱን ግዙፍ መንኮራኩሮች የሚያገናኘው አክሰል ቀጥ ያለና ጠንካራ ሊሆን ቻለ። ውሃው የሚፈላበት ቦይለርም ከመጠን በላይ ከፍ ማለት አላስፈለገውም። ከፊት ያሉት አራት ትናንሽ መንኮራኩሮች ደግሞ ክብደት እየተሸከሙ ሎኮሞቲቩን በሐዲዱ ጥምዝ ይመሩት ነበር።

የአንድ ጥንድ ዋጋ

ብዙ ሎኮሞቲቮች የእንፋሎቱን ኃይል በዘንግ ለተያያዙ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጥንድ መንኮራኩሮች ያከፋፍላሉ። ስተርሊንግ የመረጠው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች በማነሳቸው ሎኮሞቲቩ ያለ ብዙ ሰበቃ ይከንፋል።

ይሁንና የባቡር መንኮራኩር የሚጎትተው ሐዲዱን ቆንጥጦ እስከያዘ ድረስ ነው። ያዡ ደግሞ በመንኮራኩሩ ላይ ያረፈው ክብደት ነው። የ1 ቁጥር ክብደት 39 ቶን ገደማ ሲሆን በዋናው አክሰል ላይ ያረፈው ግን 15 ቶን ያህል ብቻ ነበር። ጭነቱ ሲከብድ ወይም ሐዲዱ በዝናብ ሲረጥብ መንኮራኩሩ ሳይጓዝ በቦታው ይሽከረከራል። በ1880ዎቹ የተፈለሰፈው፣ በእንፋሎት ግፊት አሸዋን መንኮራኩሩ ሥር የሚረጭ መሣሪያ ችግሩን አቃለለው እንጂ አላስወገደውም።

በዚህ መሃል ባቡሮቹ እየከበዱ ሄዱ። ግሬት ኖርዘርን በ1879 በለንደንና በሊድስ መካከል ምግብ እየተዘጋጀ የሚቀርብበትን ፉርጎ አሰማራ። ረጃጅምና ምቹ ፉርጎዎችም ተበራከቱ። ለመንገደኛው የተጨመረው ምቾት ሁሉ ለሎኮሞቲቩ ተጨማሪ ሸክም ነበር። የ1895ቱ ክብረ ወሰን የተመዘገበውም ለውድድሩ ሲባል ጥቂት ፉርጎዎች ብቻ በተቀጠሉለት ቀላል ባቡር ነው።

ስተርሊንግ መልስ ለመስጠት በመጨረሻዎቹ ሎኮሞቲቮቹ ላይ ክብደት ጨመረ። መጨበጡ ተሻሻለ፤ ነገር ግን በአንድ አክሰል ላይ የተከማቸው ክብደት ሐዲዱን ያስጨንቅ ጀመር። በኅዳር 1895 ከእነዚህ አዳዲስ ሎኮሞቲቮች አንዱ የሚጎትተው ባቡር ሴንት ኒዮትስ አቅራቢያ ሐዲድ ተሰብሮ አደጋ ደረሰበት። ስተርሊንግም በዚያው ወር፣ ከኃላፊነቱ ሳይለቅ አረፈ።

ተተኪው ሄንሪ አይቫት በ1898 ሌላ መንገድ ያዘ። የእርሱ ሎኮሞቲቭ ሁለት ሜትር ያህል የሆኑ፣ በዘንግ የተያያዙ ሁለት ጥንድ መንኮራኩሮችና ከፍ ያለ እንፋሎት የሚያመነጭ ቦይለር ነበረው። ክብደቱም ለሁለት አክሰሎች ተከፋፈለ።

በ25 ዓመታት ውስጥ ከተሠሩት 53 የስተርሊንግ ሎኮሞቲቮች የመጨረሻው በ1916 ከአገልግሎት ወጣ። የተረፈው 1 ቁጥር ብቻ ነው። በ1938 ለማስታወቂያ ጉዞ እንደገና እሳት ተነድዶበት ፉርጎ ጎትቷል። ዛሬ የብሪታኒያ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ስብስብ አካል ሲሆን፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው መንኮራኩሩም እንዳለ ነው።