ስለ ዘንዶ ማኖሪያ ሣጥን አመራረጥና አያያዝ

እባብ ያየ ሰው በልጥ ይደነግጣል እንደሚባለው ኹሉ፣ በአገራችን እባብን በቤት አኑሮ መመገብ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን መርዝ የሌለውና ጠባዩ ገራም የሆነው ንጉሣዊ ዘንዶ በብዙ ቤቶች ይገኛል። የዚህ ዘንዶ የትውልድ አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ሲሆን፣ በቤኒን በዊዳ ከተማ የራሱ ቤተ አምልኮ አለው። እዚህ ላይ ልናብራራ የምንፈልገው ግን ስለ ማኖሪያው ነው፤ ለማዳ ዘንዶ ምግብ እንቢ ሲል ወይም ሲታመም አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ሣጥኑ ነውና።

እባብ እንደ ሰው የገላውን ሙቀት በራሱ አያመነጭም። ሲበርደው ወደ ሙቅ ስፍራ፣ ሲሞቀው ወደ ጥላ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ሣጥን ቆላም ደጋም ሊኖረው ይገባል። ይኸውም በአንደኛው ጫፍ ከ31 እስከ 33፣ በሌላው ጫፍ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው። ብርድ ከበዛ የዋጠውን አይጥ መፍጨት አቅቶት ይተፋዋል። ማሞቂያው በቴርሞስታት መገዛት አለበት፤ አምፖል ከሆነም በሽቦ ይከለል። ዘንዶው በጣም በጋለ ነገር ላይ ተጠምጥሞ ገላው እስኪቃጠል ድረስ ላይነሣ ይችላልና።

የሣጥኑን ስፋት በሚመለከት፣ እንስሳው ሰውነቱን ሊዘረጋ የሚችልበት መሆን አለበት። 120 ሴንቲሜትር ለሚሆን ዘንዶ 120 በ60 በ60 የሆነ ሣጥን ይስማማዋል። የመስተዋት ሣጥን ለማየት ያምራል፤ ክዳኑ ወንፊት ከሆነ ግን ሙቀቱና እርጥበቱ በላይ ይወጣል። በትንንሽ ቀዳዳዎች አየር የሚገባው የእንጨት ሣጥን ይሻላል። በሩ ቍልፍ ያሻዋል፤ እባብ የላላውን በር በአፍንጫው ገፍቶ ይወጣል።

በውስጡም ኹለት ጠባብ መደበቂያዎች፣ አንዱ በሙቁ፣ አንዱ በቀዝቃዛው በኩል ይቀመጡ። መደበቂያው አንድ ብቻ ከሆነ ዘንዶው ከፍርሃትና ከብርድ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል። የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ያህል ይሁን፤ ካነሰ አሮጌው ቆዳ ተቈራርጦ በዓይኑ ላይ ይቀራል። ለወለሉ የኮኮናት ቃጫ መልካም ነው፤ ሽታው ኃይለኛ የሆነ እንጨት ሰጋቱራ ግን ሳንባውን ይጐዳል።

ውሃው በየቀኑ ይለወጥ፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ታየ ይጠረግ፣ ሣጥኑም በየወሩ ገደማ ታጥቦ ይድረቅ። ሙቀቱ በእጅ ዳሰሳ ሳይሆን በኹለቱም ጫፍ በሚቀመጥ ቴርሞሜትር ይለካ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ብርቱ ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ሣጥኑን በብርድ ልብስ መሸፈን ይረዳል።

በመጨረሻም ለተማሪ ጓደኞቻችን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። የኮሌጅ ትምህርት በጥቂት ዓመታት ያልቃል፤ ይኽ ዘንዶ ግን በደንብ ከተያዘ ከ20 ዓመት በላይ ይኖራል። ውሻ ሲበርደው ያላዝናል፣ ድመትም ስትራብ ትጮኻለች፤ እባብ ግን ሥቃዩን በጩኸት አይገልጽም። ስለዚህ ሣጥኑን አስቀድሞ ያላዘጋጀ፣ ቴርሞሜትሩንም በየቀኑ ለማየት ያልቈረጠ ሰው ዘንዶ ባያመጣ ይሻላል እንላለን።