ከክዳን ጫፍ እስከ ቦይ፦ የአሸንዳ ብልቶችና ሥራቸው

የቤተ ክርስቲያናችን ባሕረ ሐሳብ ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ሲወስን፣ ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለውን ክፍል የመብረቅ፣ የነጎድጓድ፣ የባሕርና የአፍላግ ወቅት ይለዋል፤ ከጮቄ ተራራ በስተ ደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በደብረ ማርቆስ እነዚህን ሳምንታት ያሳለፈ ሰው ስያሜው ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ሌላ መምህር አያሻውም። በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርዳል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነውና፣ 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው መጠነኛ ቤት በዓመት እስከ 78,000 ሊትር ይቀበላል ማለት ነው።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መንቆረርን በቅዱስ ማርቆስ ስም ደብረ ማርቆስ ባሰኙበት ዘመን የሕዝቡ ጎጆ በሣር የተከደነ ነበርና፣ ሣሩ ዝናቡን በዝግታ እያንጠባጠበ፣ ሰፊው ክፈፍም ጠፈጠፉን ከግድግዳ እያራቀ፣ ቤቱ ያለ አሸንዳ ዕድሜውን ይፈጽም ነበር። ቆርቆሮ ግን የተቀበለውን ሁሉ በቅጽበት፣ ያውም በአንድ መስመር ላይ ይለቀዋል፤ የሚፈናጠረው ውሃ የጭቃውን ምርጊት ከሥሩ ይበላል፤ አፈሩ ዋልካ በሆነበት ቦታም መሬቱ ሲርስ እያበጠ፣ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ መሠረቱን ያናጋዋል። ውሃን ከጣሪያ አርቆ የመጣል ጥበብ ለሀገራችን እንግዳ አለመሆኑን በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን ያነጹ ጠቢባን ያስመሰክራሉ፤ ከዚያው ከዓለቱ ጠርበው ያወጧቸው የውሃ መትፊያዎች ዛሬም በጣሪያው ጠርዝ ይታያሉ።

የአሸንዳ ሥርዓት የሚጀምረው ከክዳኑ ጫፍ ነው። ቆርቆሮው ከጫፍ ጣውላው አልፎ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ አሸንዳው ካልዘለቀ፣ ውሃው በሆዱ ሥር ተመልሶ ጣውላውንና ኮርኒሱን ያበሰብሳል። አሸንዳው ራሱ ከጠፍጣፋ ላሜራ ታጥፎ፣ ወይም እንደ ዛሬው ልማድ ከፕላስቲክ ተሠርቶ ይሰቀላል። ላሜራ የሚገዛ ሰው ውፍረቱን በጌጅ ይጠይቅ፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብረቱ ስለሚሳሳ፣ 28 የተባለው ከ32ቱ ይወፍራል፤ በዚህ የተዘናጉ ብዙዎች ናቸው።

አሸንዳውን የሚሸከሙት መያዣ ብረቶች ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር እየተራራቁ ይመታሉ፤ ደጋችን በረዶ የሚወርድበት፣ በረዶውም በአሸንዳው ውስጥ ተከምሮ የሚከብድበት አገር በመሆኑ እኔ 60ውን እመርጣለሁ። ውሃው እንዲሄድ በየሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅታ ይበቃል፤ ከዚህ ካነሰ ውሃው ተኝቶ ትንኝ ያፈላል፣ ላሜራውንም ያዝጋል። ሁለት ቁራጮች በሚገናኙበት ቦታ ከውሃው መምጫ በኩል ያለው ቁራጭ በሚቀጥለው ውስጥ ይገባል፤ ተገላቢጦሽ የሆነ እንደሆነ ግን ብየዳው ምንም ያህል ቢያምር ማንጠባጠቡ አይቀርም።

ከዚህ በኋላ መውረጃ ቱቦው ይከተላል። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር የቱቦ አፍ የሚለው የተለመደ ልክ ጥሩ መነሻ ነው፤ በዚህም መሠረት 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቱቦ 75 ካሬ ሜትር ያህል ጣሪያ ያገለግላል። በቱቦው አፍ ላይ የሽቦ ወንፊት ይደረግበት፤ ግቢው ባሕር ዛፍ ካለበት ቅጠሉ በአንድ ክረምት ቱቦውን ይደፍነዋልና።

ወገኖቼ አጥብቀው እንዲመለከቱልኝ የምሻው ግን የመጨረሻውን ብልት ነው። ብዙ ሰው ለአሸንዳው ገንዘቡን አፍስሶ፣ ቱቦውን በግድግዳው እግር ሥር አቁሞት ይሄዳል። ቀድሞ በክፈፉ ርዝመት ሁሉ ተበታትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ አሁን ተሰብስቦ በአንድ ነጥብ ላይ መሠረቱን ይቆፍራል፤ አሸንዳ ባይኖረው ኖሮ ቤቱ ይሻለው ነበር። ቱቦው በክርን ወደ ውጭ ዞሮ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይውደቅ፤ ከዚያም በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ የተነጠፈ ቦይ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል አርቆ ወደ መንገዱ የጎርፍ መሄጃ ያድርሰው። ወደ ጎረቤት ቅጥር መልቀቅ የጠብ ምንጭ ከመሆኑም በላይ በደል ነው።

ውሃውን ማስቀረት ለሚፈልግ 40 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዝናብ ከዚያው ከ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። በበጋ የተጠራቀመው አቧራና የወፍ ኩስ ግን ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ስለሚወርድ፣ የመጀመሪያው 30 ሊትር ያህል ወደ ውጭ ይፍሰስ፤ ቀሪውም ለመጠጥ ከሆነ ይፈላ።

ይህን ሁሉ ለመመርመር ግንቦት የተመቸ ወር ነው። አሸንዳው ከተጠረገ በኋላ አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ከከፍተኛው ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ ያፍስስ፤ ሌላው ከታች ሆኖ የሚያንጠባጥበውን መጋጠሚያ በከሰል ምልክት ያድርግበት፤ ውሃው በተኛበት ቦታ ያለው መያዣ ብረት ተነቅሎ ጥቂት ከፍ ብሎ ይመታ።