ለተርቦ መኪና ሜታኖል መርጨት ለሸዋሮቢት ዳገት ያዋጣል?

ከሸዋሮቢት ቲማቲምና ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚነሳ መኪና ገበያ ከመድረሱ በፊት የሚያስመርረው ዳገቱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከደብረ ሲና በላይ ያለው የጣርማበር ዋሻ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ሞተር አቅም ሲያጣ ናፍጣው ይበላል፣ ጭስ ይጠቁራል፣ ቲማቲሙም መንገድ ላይ ይለሰልሳል። ስለዚህ ባለንብረቱ ጉልበት ይጨምራል ለተባለ ዕቃ ሁሉ ጆሮውን ቢሰጥ አይፈረድበትም። ከእነዚህ አንዱ ውኃና ሜታኖል ቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚረጨው መሣሪያ ነው።

ተርቦ በጭስ ማውጫው ግፊት እየተሽከረከረ አየር አምቆ ለሞተሩ ይሰጣል። የታመቀ አየር ግን ይግላል፤ የጋለ አየር ደግሞ ስስ ነው። ኢንተርኩለር የተባለው ማቀዝቀዣ የተሠራው ለዚህ ሲሆን፣ በይፋት ቆላ የቀትር ሙቀት በዝግታ እየሳበ ለሚወጣ መኪና የሚደርሰው ንፋስ ራሱ ትኩስና ጥቂት ነው። መሣሪያው ጉድለቱን በትነት ይሞላል። የራሱ ታንክ፣ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፓምፕ፣ ፊውዝና ሪሌ፣ የተርቦውን ግፊት እያየ ፓምፑን የሚያስነሳ መቆጣጠሪያ፣ መላሽ ቫልቭና ጭጋግ የሚረጭ ኖዝል አለው። ኖዝሉ የሚገጠመው ከኢንተርኩለሩ በኋላ ነው፤ ከተርቦው በፊት ቢሆን ጠብታው ክንፎቹን ሊበላ ይችላል።

አንድ ኪሎ ውኃ ሲተን 2,257 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይወስዳል፤ ሜታኖል የሚወስደው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ዋናው አቀዝቃዥ ውኃው ነው ማለት ነው። ሜታኖሉ ቶሎ ስለሚተን ይረዳል፣ ራሱም ይነዳል። በቤንዚን ሞተር ላይ ነዳጁ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ይከላከላል፤ ግማሽ በግማሽ መቀላቀል የተለመደውም በዚህ ምክንያት ነው። በናፍጣ ሞተር ግን አልኮሉ ሲበዛ ግፊቱ ከልክ ያልፋል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠል ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለባለመኪና መንገር አያሻም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። መሣሪያው በአመዛኙ የታሰበው ለጥቂት ሰከንድ ለሚፈጥን የቤት መኪና ነው። የእኛ ዳገት እንዲያ አይደለም፤ የተጫነ መኪና ሽቅብ ሲወጣ ተርቦው እረፍት የለውም። በደቂቃ 150 ሚሊ ሊትር የሚረጭ ኖዝል ለአንድ ሰዓት ቢሠራ 9 ሊትር ይጨርሳል፤ ከዚህ ውስጥ 4.5 ሊትሩ ሜታኖል ነው። ሜታኖል ደግሞ ከውጭ የሚገባ ኬሚካል እንጂ ደብረ ሲና ማደያ ላይ የሚቀዳ ነገር አይደለም።

ፈሳሹን የማግኘት ጣጣ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ተርቦውን የሚያገለግል የውኃና ሜታኖል ታንክ ነበረው። ገዢዎች ግን መሙላቱን ይዘነጉ ነበር፤ ታንኩ ሲደርቅ ሞተሩ ጉልበቱን እንዲቀንስ ተደርጎ ስለተሠራም መኪናው ደከመ እያሉ ያማርሩ ነበር። ሞዴሉ ከ1963 አላለፈም።

አገር ውስጥ የሚመረተው ኤታኖል ነው። ፊንጫና መተሐራ ከስኳር ሞላሰስ ያወጡታል፤ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀምሮ ነበር። ኤታኖል በሜታኖል ቦታ ሊገባ ይችላል፤ ሲተን የሚወስደው ሙቀት ግን ያንሳል።

ሒሳብ ውስጥ የማይገባ ሌላ ነገርም አለ። ሜታኖል በመልክም በሽታም ከመጠጥ አልኮል እምብዛም አይለይም፤ በጥቂቱ ቢጠጣ ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም። ምልክት በሌለው ጄሪካን ረዳቱ በሚተኛበት ካቢን ማስቀመጥ አደጋው ከሞተሩ ይልቅ ለሰው ነው።

ይህ ጸሐፊ የምጣኔ ሀብት ተማሪ እንጂ መካኒክ አይደለም፤ ነገር ግን ለናፍጣ ጭነት መኪና ባለንብረት ገንዘቡ ቀድሞ መውጣት ያለበት የአየር ፊልትሮ ለመቀየር፣ በአቧራ የታፈነውን ኢንተርኩለር ለማጠብና የሚያፈስ ቱቦ ለማጥበቅ ይመስለዋል። ቲማቲሙንም ቀትር ሳይሆን ሌሊት ጭኖ መነሳት ወጪ የለውም። ይህን ሁሉ አድርጎ አሁንም መሣሪያውን የሚገዛ ቢኖር፣ ፈሳሹ ሲያልቅ የተርቦውን ግፊት በራሱ የሚቀንስ ጠቋሚ አብሮ መኖሩን ሳያይ አይክፈል።